የቴርሞሜትሩ ቤት ሲለወጥ
ስለ ሙቀት መዝገብ ታሪክ ጥቂት ማስታወሻ



የ25ኛ ዓመት የምሥረታ በዓላችንን ምክንያት በማድረግ ከመጽሔት ዝግጅት ኮሚቴው የቀረበልኝ ጥያቄ አጭር ነበር። «ዩኒየናችን ከተመሠረተ ወዲህ የወረዳችን ሙቀት ስንት ዲግሪ ጨመረ?» የሚል ነው። ሥራው ቀላል መስሎኝ በደስታ ተቀበልኩ። በግቢያችን ያለችው አነስተኛ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ዕለታዊ መዝገብ አላት፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከመጨረሻዎቹ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ማውጣት ነው ብዬ አሰብኩ። በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት መዝገቡን እኔም በየጊዜው ሞልቼዋለሁና ለነገሩ እንግዳ አልነበርኩም።

መዝገቡን ሳገላብጥ ግን መካከሉ ላይ አንድ ነገር አስቆመኝ። የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከአንድ ወር ወደ ሌላው በአንድ ጊዜ ከፍ ይልና ከዚያ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም። የአገር አየር እንዲህ በድንገት ዘሎ በዚያው አይቀርም። ምክንያቱ ትዝ ያለኝ ቆይቶ ነው። የማዳበሪያው መጋዘን ሲሠራ ቴርሞሜትሩ ያለበት ነጭ የእንጨት ሣጥን ከሣሩ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ጥግ፣ ከሲሚንቶው ወለል አጠገብ ተተክሏል። ሲሚንቶ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ይተፋል። መዝገቡ ላይ ግን ማን፣ መቼ፣ ከየት ወዴት እንዳዛወረው አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም።

በመሆኑም ኮሚቴው የጠየቀኝን ቁጥር ይዤ አልመጣሁም። ያመጣሁት ቁጥሩ ለምን በቀላሉ እንደማይገኝ የሚያስረዳ ታሪክ ነው። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አለመሆኑን አንባቢ እንዲረዳልኝ ራቅ ካለ አገር እጀምራለሁ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባሕር ዳር ወደ ኮረብታ

የኒውዚላንድ ዋና ከተማ ዌሊንግተን በባሕርና በኮረብታ መካከል የተቆረቆረች ናት። የከተማዋ የሙቀት መለኪያ ቶርንደን በተባለው የባሕር ዳር ሰፈር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሜትር ብቻ በሚሆን ቦታ ላይ ነበር። በ1927 መጨረሻ ላይ ግን ኬልበርን ወደተባለው ኮረብታ ተዛወረ። ኬልበርን ከባሕር ጠለል በላይ 125 ሜትር ላይ ይገኛል። ከተማዋ ያችው ዌሊንግተን ነች፤ በመዝገቡ ላይ ያለው የከተማ ስምም አልተለወጠም። የተለወጠው ከፍታው ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ከቆላ ወደ ወይና ደጋ፣ ከወይና ደጋ ወደ ደጋ የወጣ ሁሉ ጋቢውን የሚደርብበትን ቦታ ያውቃል። በግምት በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ትንሽ በሚበልጥ መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ኬልበርን ከቶርንደን በ0.8 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሁለቱን መዝገቦች እንዳሉ አያይዞ የሚያነብ ሰው ዌሊንግተን በ1928 በድንገት የቀዘቀዘች ይመስለዋል፤ ከዚያ በኋላ በአሥርት ዓመታት የመጣው የሙቀት ጭማሪም በዚያ ቁልቁለት ተውጦ ይቀራል።

ይህን ለማስተካከል የተደረገው ሥራ ከባድ ሒሳብ አይደለም። ቦታቸውን ያልለቀቁ የአካባቢው ጣቢያዎች በዚያው ዓመት ምን እንዳሳዩ ታየ። ደግሞም የዌሊንግተን አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ቶርንደን ሁሉ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ ስለማይል፣ የማረፊያው ሙቀት ከኬልበርኑ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ያው ወደ 0.8 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የድሮው የቶርንደን ቁጥር በዚያ መጠን ዝቅ ተደርጎ ከአዲሱ ጋር ይያያዛል። ጂም ሳሊንጀር የተባሉ የኒውዚላንድ የአየር ንብረት ተመራማሪ በ1981 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራቸው የአገሪቱን ጣቢያዎች በዚህ ዓይነት መርምረው ነበር። በሰባት ጣቢያዎች ላይ የተመሠረተው የአገሪቱ መዝገብ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ 0.9 ዲግሪ ያህል ጭማሪ ያሳያል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2009 አንዳንድ ወገኖች ያልተስተካከለውን ቁጥር አያይዘው «እነሆ፣ ኒውዚላንድ አልሞቀችም፤ ሙቀቱን የፈጠረው የባለሙያዎቹ እርሳስ ነው» ብለው ተነሡ። የአገሪቱ የምርምር ተቋም ሰባቱንም ጣቢያዎች እንደ አዲስ መርምሮ በ2010 ውጤቱን አወጣ፤ መልሱ ከቀድሞው እምብዛም የተለየ አልነበረም። ተቃዋሚዎቹ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። በ2012 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ፤ የልዩ ሙያ ተቋም በሙያው በሰጠው ውሳኔ ላይ ፍርድ ቤት ጣልቃ ለመግባት ሊጠነቀቅ እንደሚገባውም ገለጸ። በ2013 የቀረበው ይግባኝም አልተሳካም። አንዲት የቴርሞሜትር ሣጥን 122 ሜትር ከፍ በማለቷ ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ችሎት ፊት ተቆመ። እኔ በበኩሌ ባለሙያዎቹን ያዳናቸው የዝውውሩ ቀንና ቦታ ተጽፎ መገኘቱ ነው እላለሁ። የእኛ መዝገብ ችሎት ቢቀርብ ምን እንደሚል አስባለሁ፤ አንድም ቃል አይወጣው።

ሚዛን ሲቀየር የምናደርገው

አባላት እንደምታውቁት፣ በምርት መረከቢያ ጣቢያዎቻችን አሮጌ ሚዛን በአዲስ ሲተካ መጀመሪያ አንዱን ኩንታል በሁለቱም ሚዛን እንመዝናለን። ልዩነት ካለ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ጣቢያ ሲዛወር ወይም መሣሪያ ሲለወጥ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ቢያንስ ለአንድ ዓመት፣ ቢቻል ከዚያ ለበለጠ ጊዜ አብረው ይለኩ ይላል። አንድ ዓመት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በበጋ የሚታየው ልዩነትና በክረምት ደመና ሥር የሚታየው አንድ አይሆንም።

ይህ ምክር የመጣው ከብዙ ስህተት በኋላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቴርሞሜትር በቤት ግድግዳ ላይ፣ በመስኮት ጥግ፣ በየሰገነቱ ይሰቀል ነበር። ዛሬ በየጣቢያው የምናየው ነጭ ሣጥን በስኮትላንዳዊው መሐንዲስ በቶማስ ስቲቨንሰን ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ሰውየው ንድፉን ያስተዋወቁት በ1860ዎቹ ነው። ጎኖቹ አየር የሚያሳልፉ ዘንበል ያሉ ጣውላዎች ናቸው፤ ፀሐይና ዝናብ ይከለክላል፣ ነፋስ ግን ያስገባል። ሣጥኑ በየአገሩ በተለያየ ጊዜ ስለተተከለ ከእሱ በፊት የተለካው ሙቀትና ከእሱ በኋላ የተለካው በቀጥታ አይወዳደሩም። ሣጥኑ ራሱም ተራው ደርሶ ሲለወጥ ችግሩ ተመለሰ። አሜሪካ በ1980ዎቹ አጋማሽ በብዙ ጣቢያዎቿ የእንጨት ሣጥኑንና የመስታወት ቴርሞሜትሩን በኤሌክትሮኒክ መለኪያ ስትተካ፣ የተመዘገበው የቀን ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 0.4 ዲግሪ ወረደ፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ደግሞ ወደ 0.3 ዲግሪ ወጣ። በተጨማሪም አዲሱ መሣሪያ ገመድ ስለነበረው፣ ገመዱን ለመቅበር ሩቅ መቆፈር እየታከተ ብዙዎቹ ወደ ቤት ተጠግተው ተተከሉ። የእኛን የሲሚንቶ ወለል ያስታውሷል።

የሰዓቱ ጉዳይ

ከቦታና ከመሣሪያ ይልቅ እኔን ያስገረመኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ከ1890 ጀምሮ የሙቀትና የዝናብ ልኬት በአብዛኛው የሚካሄደው በፈቃደኛ ዜጎች ሲሆን፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው። የመርሐ ግብሩ ስምም «ኮኦፐሬቲቭ» የሚል ቃል አለበት፤ ትርጉሙ እንደኛው ዓይነት ማኅበር ባይሆንም ስሙን ሳነብ ደስ አለኝ። እነዚህ ሰዎች በቀደሙት ዓመታት በአብዛኛው ወደ ማታ ገደማ ያነቡ ነበር። ከጊዜ በኋላ፣ በተለይም ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ፣ የተለካው ዝናብ በቀን ሙቀት እንዳይተን በማሰብ ንባቡ ወደ ጠዋት እየተዛወረ መጣ። ለዝናቡ መልካም ነበር። የሙቀቱን መዝገብ ግን አዛባው።

እንዴት ቢሉ፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚይዘው ቴርሞሜትር ቀኑ የደረሰበትን ጣሪያ ይዞ ይቆያል፤ ለኪው አንብቦ ከጻፈ በኋላ ወደ ወቅቱ ሙቀት ይመልሰዋል። ሰኞ በጣም ሞቃት ቀን ነበር እንበል። ለኪው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ 34 ዲግሪ ብሎ ጻፈና ቴርሞሜትሩን መለሰው። ነገር ግን አየሩ በዚያች ሰዓት ገና 33 ነው። ማክሰኞ ደመና ሆኖ ከ26 ባይበልጥ እንኳ፣ ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው 33 ነው፤ ከሰኞ የተረፈው። አንዱ ሞቃት ቀን ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። ንባቡ ጠዋት ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው ብርዳማው ንጋት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ከማታ ወደ ጠዋት ሲዛወሩ፣ አየሩ ሳይቀዘቅዝ መዝገቡ ቀዘቀዘ። ባለሙያዎች ይህን ሲያስተካክሉ የአሜሪካ የሙቀት ጭማሪ ካልተስተካከለው መዝገብ ከፍ ብሎ የሚታየው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

በአገራችን አነስተኛ ጣቢያዎች የጠዋቱ ንባብ በ3 ሰዓት ነው። ይኸው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር 9፣ በግሪንዊች 6 ይባላል። ለአንድ ንባብ ሦስት ቁጥር! አዲስ የተመደበ ወጣት ቢደናገር አይፈረድበትም፤ ተደናግሮ የነበረበትን ሰሞን ግን መዝገቡ ጠርዝ ላይ መጻፍ አለበት።

አንድ እጅ ጽሑፍ

የሰው ስህተት ምን ያህል ሊጓዝ እንደሚችል ለማየት ወደ ሊቢያ እንለፍ። ጣሊያን ሊቢያን በያዘችበት ዘመን፣ መስከረም 13 ቀን 1922 (ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፣ ኤል አዚዚያ በተባለ ቦታ ባለው የጦር ሰፈር 58 ዲግሪ ሙቀት ተመዘገበ። ይህ ቁጥር የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ፤ እኔም በተማሪነቴ ሸምድጄዋለሁ።

ቆይቶ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ዋናውን መዝገብ አስፈልጎ አገኘ። ከቡድኑ አባላት አንዱ በሊቢያ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የአየር ንብረት ክፍል ኃላፊው ካሊድ ኤል ፋድሊ ነበሩ። በ2011 አገራቸው በጦርነት ስትናወጥ ለወራት ከባልደረቦቻቸው ጋር መገናኘት አልቻሉም፤ ሥራውም እስኪመለሱ ቆሞ ጠበቀ። መዝገቡ ሲመረመር ከጥቂት ቀናት በፊት የእጅ ጽሑፉ ተለውጧል። አዲሱ ለኪ ቁጥሮችን ያለ ዓምዳቸው ይጽፍ ነበር። መሣሪያው ውስጡ ትንሽ ዘንግ ያለው የድሮ ዓይነት ቴርሞሜትር ሲሆን የሚነበበው ከዘንጉ ታችኛው ጫፍ ነው፤ ልምድ የሌለው ሰው ላይኛውን ጫፍ ካነበበ ወደ 7 ዲግሪ ይጨምራል። በአካባቢው ያሉ ሌሎች ጣቢያዎችም በዚያን ቀን እንዲህ ያለ ሙቀት አላሳዩም። ክብረ ወሰኑ ልክ በ90ኛ ዓመቱ፣ በ2012፣ ተሰረዘ። የጠፋው ሰውዬ ማን እንደሆነ ስሙ አይታወቅም። የእጅ ጽሑፉ ግን መሰከረበት፤ ወይም አዳነው፣ እንደ አመለካከታችን ነው።

የአገራችን መዝገብ

በኢትዮጵያ በመሣሪያ የተደገፈ የአየር ጠባይ ልኬት የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ በ1890 በአዳሚ ቱሉ፣ በ1896 ደግሞ በጋምቤላ የተቋቋሙት ጣቢያዎች ቀዳሚ ሆነው ይጠቀሳሉ። በ1951 ሥራው በሲቪል አቪዬሽን ሥር በአነስተኛ ክፍል ተደራጀ። አውሮፕላን ያለ አየር ጠባይ መረጃ መነሣትና ማረፍ ስለማይችል ነው። በ1980 በአዋጅ ራሱን የቻለ የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ነው።

የዚህ ታሪክ አሻራ በመዝገቡ ላይ አለ። ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ነው፤ ከመንገድ ርቆ የሚያርሰው ገበሬ ያለበት ቆላም ሆነ ደጋ ብዙ ጊዜ ጣቢያ የለውም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ ዙሪያው ሜዳና እርሻ ነበር፤ ዛሬ በአስፋልትና በፎቅ ተከቧል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን ሳይመዘግቡ የቀሩ ጣቢያዎች ጥቂት አይደሉም፤ መዝገባቸው በዚያ ቦታ ላይ ባዶ ነው። የዳሎልንም ነገር ማንሣት ይገባል። ከ1960 እስከ 1966 በአፋር ዳሎል በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ሆኖ በመገኘቱ አካባቢው በዓለም ታወቀ። ይሁንና ልኬቱ በዚያ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ዳሎል ሞቀ ወይስ አልሞቀም ብሎ ከዚያ መዝገብ ብቻ መልስ ማግኘት አይቻልም።

ያም ሆኖ የአገር አቀፉ ምስል የጠራ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ2007 ባወጣው ብሔራዊ የአየር ንብረት ለውጥ መላመጃ ሰነድ ላይ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በየአሥር ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ያህል እንደጨመረ ይገልጻል። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተዘጋጀ ሌላ ጥናት ደግሞ የአገሪቱ አማካይ ሙቀት ከ1960 እስከ 2006 ድረስ በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል ይላል። አንዱ የሌሊቱን፣ ሌላው የቀንና የሌሊቱን አማካይ ስለሚናገሩ ቁጥሮቹ አንድ አይደሉም፤ አቅጣጫቸው ግን አንድ ነው።

«ታዲያ ሙቀቱ የጣቢያ ወሬ ነው?»

ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ያማከርኳቸው አንድ አዛውንት አባላችን የጠየቁኝ ይህንን ነው። አይደለም። እንዲያውም ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ የመላው ዓለም መዝገብ ተስተካክሎ ሲታይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ያለው ጭማሪ ካልተስተካከለው ያነሰ ነው። ምክንያቱ ውቅያኖስ ነው። በድሮ ጊዜ መርከበኞች የባሕሩን ሙቀት የሚለኩት ውኃ በባልዲ ቀድተው ነበር። የሸራው ባልዲ እንደ እንስራችን ውኃውን በትነት ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ የድሮው ባሕር ከእውነቱ በላይ ቀዝቃዛ መስሎ ተመዘገበ። ይህ ሲታረም የዓለም ጭማሪ ቀነሰ እንጂ አልበዛም። ባለሙያዎች ሙቀትን ለማጋነን ቢፈልጉ ኖሮ ይህን እርማት ባላደረጉ ነበር። ስለ ጣቢያዎች ጥራት ጥርጣሬ የነበራቸው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ሙለርም ቡድን አቋቁመው መዝገቡን በራሳቸው መንገድ መረመሩ፤ በ2011 እና በ2012 ያገኙት ውጤት የቀደሙትን ጥናቶች የሚያረጋግጥ ሆነ።

ስለዚህ ዓለም መሞቋ የታወቀ ነው። ያልታወቀው የእኛ ቀበሌ በስንት ዲግሪ እንደሆነ ነው፤ ለገበሬው የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸኛው ነው። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት እየጨመረ በሚሄደው ሙቀት ምክንያት አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይስማማ ሊሆን እንደሚችል፣ ወደ ላይ ለሚወጣ ግን ሌላ መሬት እንደሚኖር ያሳያል። አባሎቻችን ችግኝ ወደ ላይ እናውጣ ወይስ እንቆይ እያሉ ነው። ከላይ እንዳየነው በየ100 ሜትሩ ግማሽ ዲግሪና ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ሙቀት ይቀንሳል። መዝገባችን በሲሚንቶ ወለል ምክንያት በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት፣ ገበሬውን ያለ ምክንያት ወደ 80 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣዋል። ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል፤ ስህተቱ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከዝናብ ጋር የተያያዘው የሰብል መድንም እንዲሁ ነው። በ2009 በትግራይ አዲ ሃ እንዲህ ዓይነቱ መድን ሲጀመር በአካባቢው የረጅም ጊዜ ጣቢያ ባለመኖሩ የሳተላይት መረጃ መጠቀም ግድ ሆኗል። መዝገብ የሌለው ወረዳ ካሣው የሚሰላው ከሰማይ በተነሣ ግምት ነው።

አሁን ወደ ግቢያችን ልመለስ። ሣጥኑ የተነሣበት የሣር ሜዳ ከፊሉ በመጋዘኑ ሥር ገብቷል። የቀረው ክፍል ለጭነት መኪና ማቆሚያ እንዲሆን ሐሳብ እንዳለ ሰምቻለሁ። ለሥራ አመራር ቦርዱ በጽሑፍ ያቀረብኩት ጥያቄ ከዚያ ላይ 10 በ10 ሜትር የምትሆን ቦታ ታጥራ እንድትቀር፣ ሁለተኛ ሣጥንና ቴርሞሜትር እንዲተከልባትና ከጽሕፈት ቤቱ ጥግ ካለው ጋር ለሁለት ዓመት ጎን ለጎን እንዲነበብ ነው። ልዩነቱ ከታወቀ ያለፉት ዓመታት መዝገብ ሊታረም ይችላል፤ ኮሚቴው የጠየቀኝን ቁጥርም ያኔ በልበ ሙሉነት እጽፈዋለሁ። እስካሁን ምላሽ አልደረሰኝም።

ከአባላት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። መጋዘኑ ከመሠራቱ በፊት በግቢያችን ውስጥ ፎቶግራፍ የተነሣችሁ፣ በተለይ በጠቅላላ ጉባኤ ቀን በቡድን የተነሣችሁ፣ ከጀርባችሁ ነጩ ሣጥን እንደሚታይ ፈልጉልኝ። በፎቶው ጀርባ ቀን ተጽፎበት ከሆነ ይበልጥ ይጠቅማል። ሣጥኑን ከሣሩ ላይ ነቅለው የተሸከሙ የቀን ሠራተኞችም በአካባቢያችን እንዳሉ አምናለሁ፤ የትኛው ወር እንደነበር፣ ዝናብ ይዘንብ እንደነበር ወይም በቆሎ ደርሶ እንደነበር ቢያስታውሱ ይበቃኛል። ዘወትር ማክሰኞ ጠዋት፣ ከ3 ሰዓቱ ንባብ በኋላ፣ በዩኒየኑ መዝገብ ቤት እገኛለሁ።